ዝም ያሰኟት ልጅ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ሼህ ዘይኑልአቢዲንና መምህርት ፀሐይነሽ ባልተገናኙ፣ እኔም ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ፣ ደሴ ፒያሳ፣ የስፌት መኪናዬን ባኖርኩበት በረንዳ ላይ ነው። የደሴ ዝናብ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ የለውም። መንገደኛው ሁሉ ወደየበረንዳው ሲሮጥ፣ ጢማቸው ነጭ የሆነ አንድ ሽማግሌ ስድስት ዓመት ገደማ የሆናትን ልጅ በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ እኔ መጡ።

«እንደምን ዋልክ ልጄ? ዝናቡ እስኪያባራ ብታስጠጋን ብዬ ነው» አሉ።

«ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ» አልኩና በርጩማዬን ለቀቅኩላቸው። ከማላውቀው ሰው ጋር ብዙ መነጋገር ስለማይሆንልኝ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እርሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ይባላሉ፤ ሰዉ የሚጠራቸው ሼህ ዘይኑ እያለ ነው። የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። የአንድ ወፍጮ ቤት ጠባቂ ናቸው። ልጅቷ የልጃቸው ልጅ ናት፤ ሸሪፋ መባሏን የነገሩን ግን ቆይተው ነው። ከመንገዱ ማዶ የቆመችው የጭነት መኪና ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቢስቲማ ትነሣለች፤ ልጅቷን ይዘው የሚሄዱትም በእርሷ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መምህርት ፀሐይነሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እየሣቀች ከዝናቡ ገባች። መምህርት ፀሐይነሽ በአንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። የሕፃናቱን ሽርጥ የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ ልትወስድ መምጣቷ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም። የእኛ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«የለም፣ ክርስቲያን ነኝ። ሰላምታው ግን ያገር ነው።»

«አበጀሽ!» አሉ ሼሁ። ደስ አላቸው።

መምህርቷ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ስምሽ ማነው? እንዴት ያለ ዓይን አላት እናንተ!»

ሼሁ ጋቢያቸውን በልጅቷ ፊት ላይ ሳብ አደረጉ። «ማሻአላህ በይ!»

«ማሻአላህ» አለች መምህርቷ ቶሎ ብላ። «ስምሽን አትነግሪኝም?»

ሸሪፋ አፏን በመዳፏ ከደነች። አልተኮሳተረችም፣ አላፈረችምም። ሰው በር እንደሚዘጋ ዝም ብላ ዘጋችው።

«አትድከሚ ልጄ» አሉ ሼሁ። «አትናገርም። ባለፈው ሳምንት ላስመዘግባት ትምህርት ቤት ወስጃት ነበር። እጇን በራሷ ላይ አሳልፋ ጆሮዋን ስትነካ፣ ዕድሜዋ ደርሷል አሉኝ። ከዚያ መዝጋቢው ስምሽ ማነው አላት፤ ዝም። እርሳስ አሳይቶ ይሄ ምንድነው አላት፤ ዝም። ደንቆሮ ስለሆነች ያሳክሟት ብሎ መለሰን። ይኸው ዛሬ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ጆሮዋን በመብራት አየ፣ ምላሷንም አየ፤ ምንም የላትም አለ። ምንም ከሌላት ምንድነው የጎደላት? አክስቷ ቢስቲማ አለች፣ ልጅ የላትም። እሷ ዘንድ ፍየል ትጠብቅ። ፍየል ስም አይጠይቅም።»

ይህን ሲሉ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን አፋቸው ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች መምህርት ፀሐይነሽ፤ አንድ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። «ቤት ውስጥስ አትናገርም?»

«ሁለት ሦስት ቃል አላት። እሱንም ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ ነው የምትለው። የቀረውን በእጇ ታሳያለች።»

«ቤት ውስጥ ማን ያናግራታል?»

«ማን ይኖራል? እናቷ፣ ልጄ ጣይባ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በተስቦ ሞተች። አባቷ ለብሔራዊ ውትድርና እንደሄደ ወሬው የለም። እኔ ነኝ ያለሁት። እኔ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ወፍጮ ቤት ነኝ፤ እሷም ከእኔ ጋር ናት።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው የማንን ድምፅ ነው?»

ሼሁ ጥያቄውን እንደ ቀልድ ሊያልፉት ፈለጉ። ቆይተው ግን «የወፍጮውን» አሉ።

ስፌቴን አቆምኩ። የዘመናችን ሰው ልጁን ሲራብ ያበላዋል፣ ሲበርደው ያለብሰዋል፤ ለጆሮውም ምግብ እንደሚያስፈልገው ግን ያስተማረን የለም። እኔም ያን ዕለት ነው የሰማሁት።

«ልጄ፣ አትፍረጂብኝ» አሉ ሼህ ዘይኑ። «ዝም ያሰኘናት ጠልተናት አይደለም። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይለፈልፍም፤ ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ግን ይከብዳል። ከሷ በፊት በሺር የሚባል ወንድም ነበራት። በአራት ዓመቱ የእኔን መንዙማ ከአፌ እየነጠቀ ይለው ነበር። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ወሰድኩት። ሲያዜም ሠርገኛው ሙሽራውን ትቶ እሱን ከበበ! ያልሳመው የለም፤ ‹ምን ያለ አንደበት ነው› ያላለ የለም። ከዚያ በኋላ ሳምንትም አልቆየ፤ ቀበርነው። የሰው ዓይን በላው። ጣይባ ያኔ ሸሪፋን አርግዛ ነበር። ይቺኛዋ ተወልዳ ‹አባ› ማለት ስትጀምር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቷ አፏን በእጇ ትይዛት ጀመር። እኔም እንደዚያ አደረግኩ። መንዙማውንም ተውኩት። ስሟንም እስከ ዛሬ በሰው ፊት ጠርተን አናውቅ፤ ‹አንቺ ቅራሪ› ነው የምንላት፣ ዓይን እንዳያርፍባት።»

«አሁንስ ዓይን ያርፍብኛል ብላ ትፈራለች?»

«እሷ ምን ታውቃለች? አፍ የሚከፈተው ለመብል ብቻ ይመስላታል።»

መምህርቷ ወደ እኔ ዞራ በስሜ ጠራችኝና «በላቸው፣ እስቲ ጥቂት ቁልፍ አውሰኝ» አለች። የሸሚዝ ቁልፎች በቆርቆሮ ሰጠኋት። ከልጅቷ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ አትናገሪም፤ እኔ ነኝ የምናገረው፣ እሺ? ዶ... ሮ» አለችና ሁለት ቁልፎችን አራርቃ አስቀመጠች። «ዶ፣ አንድ። ሮ፣ ሌላ። አሁን አንቺ፤ በ... ሬ።»

ልጅቷ በመጀመሪያ የአያቷን ፊት አየች። ቀጥላም ቁልፎቹን በሙሉ ወደ አንድ ቦታ ሰብስባ ክምር አደረገቻቸው። መምህርቷ ደጋግማ በሌላ ቃል ሞከረች፤ ልጅቷ ደጋግማ ከመረቻቸው።

«አየሽ?» አሉ ሼሁ። «ጆሮዋ ደኅና ነው፤ የጎደላት አእምሮ ነው።»

«የለም አባባ። እርስዎ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተዘግቶ ሲመጣ ውስጡ ጤፍ ይሁን ማሽላ ሳይፈቱት ያውቃሉ?»

«በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ።»

«ስለለመዱት ነው። ለሸሪፋ ቃል ሁሉ እንደተዘጋ ጆንያ ነው። ‹በሬ› ስላት አንድ ጩኸት ትሰማለች እንጂ ውስጡ ‹በ› እና ‹ሬ› እንዳሉ አታውቅም። ፈትቶ ያሳያት የለም። ትምህርት ቤት ገብታ መምህሩ ‹በ› የምትለዋን ፊደል በሰሌዳ ቢጽፍላት፣ ዓይኗ ቅርጿን ያያል፤ ግን የምን ቅርጽ? ጆሮዋ ‹በ›ን ከ‹በሬ›ና ከ‹በግ› ውስጥ ለይቶ ካላወጣ ፊደሉ ለሷ ጭረት ነው።»

ሼህ ዘይኑ ጢማቸውን ያዙ። «እኛስ ማን እንዲህ ቁልፍ እየደረደረ አስተማረን? አፋችንን የፈታነው በራሳችን ነው። ደግሞ ፊደል እኔም አውቃለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ምስክር ወረቀት ሰጥተውኛል። በሰልፍ ቀን መፈክሩን ማንበብ እጀምርና አንዱን ቃል ሳልጨርስ ሰልፉ ያልፋል እንጂ!»

ሁላችንም ሣቅን። ከመንገዱ ማዶ የመኪናዋ ረዳት ሸራ ለብሶ ሰማዩን እያየ ነበር።

«ያን አንድ ቃል ማን እንዳስነበበዎት ልንገርዎት?» አለች መምህርቷ። «ልጅ ሆነው ቤትዎ ማን ነበር?»

«እኛ ቤት? ሰው መች ጠፍቶ! አያቴ፣ አክስቶቼ፣ ከአባቴ ዘንድ ቁርኣን ሊማሩ የመጡ ደረሳዎች። ማታ ማታ እንቆቅልሽ ነው፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ መንዙማ ነው፣ እስኪነጋ ጭብጨባ ነው። አንዱ የግጥሙን ቤት ሲያወርድ ሌላው ይቀበላል። መጨረሻው ካልገጠመ አያቴ ‹ይሄ የተንጋደደ ቤት ነው› ብላ ትመልሰናለች።»

«አያትዎ ማንበብ ይችሉ ነበር?»

«የት አባቷ!»

«ታዲያ ‹ተንጋደደ› የሚያሰኛቸው ምን ነበር? ጆሯቸው ነው። እርስዎንም ያስተማሩት እሱን ነው፤ የቃሉን መጀመሪያ፣ የቃሉን መጨረሻ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጨበጨብለት። እርስዎ አምሳ ሰው እያናገረዎት ነው ያደጉት። ለሸሪፋ የቀረላት ወፍጮው ነው።»

ሼሁ ወደ ልጅቷ አዩ። ልጅቷ ቁልፎቹን በየቀለማቸው እየለየች ነበር፤ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ። አእምሮ የጎደለው ልጅ እንዲህ አያደርግም ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩትም እንጂ።

«አንተ ወጣት» አሉኝ ሼሁ ድንገት። «ዝም ብለህ ትሰማለህ። አንተ ምን ትላለህ?»

ፊቴ ጋለ። «እኔ... እኔ ያልለካሁትን ሰው ልብስ መስፋት አልችልም» አልኩ። የምፈልገው ይህን ለማለት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መምህርቷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ይሁን፤ ልክ ናችሁ እንበል» አሉ ሼህ ዘይኑ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብታወራ ግን ምን ይሆናል? ዓይን ይበላታል። አንዱን በልቶብኛል። ያልተማረች ሸሪፋ ትሻለኛለች ወይስ የሞተች? አንቺ ትምህርት ትያለሽ፤ እኔ ነፍስ ነው የምልሽ።»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ ንግግር በኋላ መምህርቷ የምትመልሰው አይኖራትም ብዬ ነበር። የተማረው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይሣለቃል፤ ‹ኋላ ቀር እምነት ነው› ይልና ይሄዳል። ሽማግሌውም ልባቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። እርሷ ግን አልሣቀችም።

«በሺር እንዴት ሆኖ ነው የታመመው?» አለች።

«ሰውነቱ ሽፍ አለ። ዓይኑ ቀላ፣ ሳለ፣ ነደደ። ኩፍኝ ነው አሉ። እኔ ግን ኩፍኙን ማን አመጣው ነው የምለው። ሠርግ ቤት ያየው ሰው ነው ያመጣው።»

«በዚያ ሰሞን በሠፈሩ ሌላ ልጅ አልታመመም?»

«ታሟል እንጂ። የጎረቤታችን የመርየም ልጅ ነበር፤ በሺርን በቀበርን በማግሥቱ እሱን ቀበርነው።»

«እሱም እንደ በሺር አንደበተ ርቱዕ ነበር?»

«የመርየም ልጅ? ምን ሲናገር! ገና መዳህ መጀመሩ ነው፤ አፉን እንኳ...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«አፉን እንኳ አልፈታም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ያን ልጅ ማንም አላየውም። ማንም አላደነቀው።»

መምህርት ፀሐይነሽ የወደቀ ቁልፍ አንሥታ ለልጅቷ ሰጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ድሉን ያውጅ ነበር።

«እንግዲያው ዝም ማለቱ አያድንም ነበር ማለት ነው» አሉ ሼሁ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው። «ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው። ጣይባ ልትሞት ስትል ‹አንድ ጊዜ እማ በይኝ› አለቻት። እኔ ቤቱ ውስጥ ጠያቂ ሞልቶ ስለነበር ዓይኔን አጉረጠረጥኩባት። ልጅቷ ዝም አለች። ጣይባም ሳትሰማው ሄደች።»

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

«መምህርት፣ ይመለሳል?» አሉ። ‹መምህርት› ብለው ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር።

«ልዋሽዎት አልፈልግም አባባ። አላውቅም። እንደሷ ያለ ልጅ በሦስት በአራት ዓመቱ መጥቶልኝ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኗል። በስድስት ዓመቱ የመጣ ደግሞ አለ፤ እስከ ዛሬ ‹በሬ›ና ‹በር› ይምታቱበታል። ጥቂት ይመለሳል፤ የማይመለስም ይኖራል። ግን ቢስቲማ ከሄደች ምንም አይመለስም።»

«ምን ላድርግ?»

«ያናግሯት። ሌላ ነገር የለውም። ውሃ ሲቀዱ ‹ውሃ እየቀዳሁ ነው› ይበሏት። ስሟን ይጥሩላት፣ በሰው ፊት ይጥሩላት። ሸሪፋ፣ ሸማ፣ ሸክላ፤ የሁሉም መጀመሪያ አንድ መሆኑን በጨዋታ ያሰሟት። በቃሉ ልክ ያጨብጭቡላት። እንቆቅልሽ ይጠይቋት፤ ባትመልስም መልሱን ይንገሯትና ነገም ይጠይቋት። ከወፍጮው ድምፅ ያርቋት። ለዚህ መጽሐፍ አያስፈልግም፣ ምስክር ወረቀት አያስፈልግም። እኔ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የማስተምረው ቤት ያልሰጠውን አይተካም፤ ልጁ ከእኔ ጋር የሚውለው ግማሽ ቀን ነው።»

«መንዙማስ ይሆናል?»

«ከሱ የተሻለ ምን አለ!»

«ድምፄ ተዘግቷል፤ ካቆምኩ ብዙ ጊዜዬ ነው።»

ዝናቡ አባራ። የመኪናዋ ረዳት «ቢስቲማ! ቢስቲማ!» እያለ ተጣራ። «አባባ፣ ይምጡ እንጂ! ቦታ ይዤልዎታለሁ!» ብሎ ወደ እኛ ጮኸ። ሼህ ዘይኑ አልተነሡም። ረዳቱ ጥቂት ተራገመ፤ መኪናዋም ጭቃ እየረጨች ሄደች። እርሳቸው ከዚያ በኋላ ተነሥተው መረቁን፤ ልጅቷን ይዘው በኮምቦልቻው መንገድ ወረዱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሽማግሌው አመኑ፣ ልጅቷም ተማረች ብዬ ባበቃሁ። ግን እንደዚያ አልሆነም።

ጥር ላይ የዘመድ ሠርግ ኖሮኝ ኮምቦልቻ ስወርድ ሼህ ዘይኑን ፈልጌ አገኘኋቸው። የወፍጮ ቤቱን ሥራ ትተው ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ሰሌን ይሠራሉ። ኑሯቸው ማነሱ ያስታውቃል። ሸሪፋ ከአጠገባቸው ተቀምጣ ሰሌኑን ታቀብላለች። ድምፃቸው ጎርንኗል፤ ቀኑን ሙሉ ያወራሉና።

«በመስከረም እንደገና ወሰድኳት» አሉኝ። «ስሟን ተናገረች፤ እርሳሱን ግን ሌላ ስም ሰጠችው። ለከርሞ አሉኝ። ለከርሞ ደግሞ እኔ መኖሬን ማን ያውቃል?»

«ጎረቤትስ አያግዝዎትም?»

«ጎረቤት!» አሉ። «መርየም አሁን ሕፃን ልጅ አላት። ‹አናግሪው፣ አዚሚለት፣ አፉን አትያዥው› እያልኩ ደጋግሜ ሄድኩባት። ሲንተባተብ ሰምቼ ‹ጎበዝ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታብኛለች። የእኔ ዓይን ክፉ ሆኗል ነው የሚባለው። አልፈርድባትም። ‹ልጅሽን ዝም አሰኚ› ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ የሞተባት ጊዜ።»

አንባቢዬ፣ ይህን የጻፍኩት ለመርየምና ለመሰሎቿ ነው፤ እርሷ ማንበብ እንደማትችል ባውቅም። የምታነቡላት እናንተ ናችሁ። ሕፃን ሲንተባተብ መልሱለት። እሹሩሩ በሉት፣ አጨብጭቡለት፣ ቃል እየሰነጠቃችሁ አጫውቱት። እንዲህ ያደገ ልጅ ፊደል ፊቱ ሲቆም አይደነግጥም፤ ድምፁን አስቀድሞ ያውቀዋልና። መምህሩን ይሰማል፣ ሕመሙን ለሐኪም ይናገራል፣ የተበደለውንም ለዳኛ ያስረዳል። አባትም እናትም ባይኖሩ አያት ይበቃል፤ ያልተማረም ይበቃል። ሥራው ግን ገና ከልጁ የመጀመሪያ ድምፅ ጋር ይጀመር። ሼህ ዘይኑ የሚቆጩት ስላላወቁ አይደለም፤ ዘግይተው ስላወቁ ነው።

ልሰናበት ስነሣ ሸሪፋ ሰሌኑን አስቀመጠችና ወደ አያቷ ዞረች። ድምፅዋ ቀጭንና ያልለመደ ነበር፤ ቃሉን አንድ በአንድ እያነሣች፣

«አባ፣ እማ... የት... አለች?» አለች።

ሼህ ዘይኑ ደነገጡ። ወደ እኔ አዩ። «እስከ ዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም» አሉ። «ጠያቂ አደረግኳት፤ ይኸው የመጀመሪያ ጥያቄዋ።»

እንግዳ ስላለ ዝም ያሰኟታል ብዬ ፈራሁ። እርሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ፊቷን ያዙ።

«ሞታለች፣ ሸሪፋ።»

«ለምን?»

እርሳቸውም ስለ ድርቁ ዓመት፣ ስለ ተስቦው፣ ስለ ጣይባ እጅና ስለ አካሄዷ፣ በጎረነነ ድምፃቸው፣ በትንንሽ ቃል ይነግሯት ጀመር። ልጅቷ አፍ አፋቸውን እያየች «ለምን?» ትላለች፤ እርሳቸው ይቀጥላሉ። ተሰናብቼ ጎዳናው ላይ ስደርስም ገና ይነግሯት ነበር።